ወፍ የነገረችው ስም

ባለፈው ሳምንት ሰላማዊት ደብተሯን ታቅፋ መጣች። ሰላማዊት እኔ ለብዙ ዓመት እንግሊዝኛ ያስተማርኩበትን ክፍል ዛሬ የያዘች አስተማሪ ናት፤ ቤታችንም አጥር ለአጥር ነው። የደብረ ብርሃን ኅዳር መቼም ሽማግሌ አይወድም፤ እኔም የሱፍ ባናዬን ተከናንቤ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ እየሞቅሁ ነበር። «ጋሼ ሀብቴ፣ ይቺ ነገር ለተማሪዎቼ አልገባቸው አለች» አለችና አጠገቤ ተቀመጠች። ነገሩ ያ የማውቀው ነገር ነው፤ ተናጋሪው ሳይጠራ ወሬው ብቻ የሚነገርበት፣ ኢት ኢዝ ሴድ እያለ የሚጀምረው የእንግሊዝኛ አነጋገር። «ሰዎች ሰውየው ጫካ ገብቷል ይላሉ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር «ሰውየው ጫካ እንደገባ ይነገራል» ብሎ መገልበጥ ነው። ይሄ ነገር የጋዜጣ፣ የፍርድ ቤትና የመንግሥት ደብዳቤ ልብስ ነው፤ ገበያ ውስጥ እንዲህ ብሎ የሚያወራ ቢገኝ ሰው ይስቅበታል፤ ቢሮ ውስጥ ግን ካልለበሱት አይገባም ብዬ አስረዳኋት። ገባት። «እስቲ አንድ የአማርኛ ምሳሌ ይስጡኝ» አለችኝ። አፌን ስከፍት ሳላስበው አንድ ዓረፍተ ነገር ወጣ፤ «ሽቦውን የቆረጠው አጥናፉ እንደሆነ ተነግሯል።» ባናዬን ወደ ደረቴ ሰብሰብ አደረግሁ። ልጅቷ ብርድ መስሏት ባናውን ትከሻዬ ላይ ሳብ አደረገችልኝ። «አጥናፉ ማነው ጋሼ?» አለችኝ። ምሳሌ ነው አልኳት፤ ዓይኔን በጨው አጥቤ።

አጥናፉ ምሳሌ አልነበረም። አንኮበር ቁልቁለቱ ላይ ያለው መንደራችን ሰው፣ የእርሻ ማዶ ለማዶ ጎረቤቴ፣ ሲስቅ ራሱን ወደ ኋላ የሚጥል ረጅም ሰው ነበር። ጊዜው የጣልያን ጊዜ ነው። ዓመቱን አትጠይቁኝ፤ በኛ ቤት ዓመት የሚቆጠረው በበጉ ዋጋና በውርጩ ክፋት ነበር። የዚያን ዓመት ውርጩ ገብሱን አቃጥሎት ሰው እህል ፍለጋ ቆላ ይወርዳል፤ በግ ከነግልገሏ በሁለት ጠገራ ብር ትሸጣለች፤ የጣልያኑን ወረቀት ሊሬ ግን ገበሬው በብርሃን እያየ፣ እያሸተተ፣ መልሶ ለባለቤቱ ይሰጠዋል። አልዩ አምባ ገበያ ጨውና በርበሬ አለ፣ ጥጥ አለ፣ ከቆላ የወጣ ግመል አለ፤ ሰዉ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚገበያየው። ዘፈን እንኳን ያን ጊዜ ግማሽ ነበር፤ አጫጆቹ አንዱን ስንኝ በደንብ ያወጡና ሁለተኛው ላይ የሚመጣው ስም አደገኛ ስለሆነ ያልጎመጉሙታል። እኛ ጎረምሶች ያንን ማልጎምጎም እንደ አዲስ ዜማ ተምረነው፣ ነፃነት ከመጣ በኋላም ቃሉን ሳይሆን ማልጎምጎሙን ስናዜም አስታውሳለሁ። ዛሬ በዚያ ቁልቁለት መኪና ይወርዳል ይሉኛል፤ ያን ጊዜ በቅሎ እንኳን ቆማ አስባ ነበር የምትወርደው።

እኔ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ የቤተ ክህነት ልጅ ነኝ፤ ያሳደገኝ አጎቴ አለቃ ገብረ ሥላሴ የደብሩ አለቃ ነበሩ። ጽሕፈቴ ያምር ነበር፤ ይሄንን ብል ጉራ አይደለም፣ የመከራዬ መጀመሪያ እሱ ነውና። አንኮበር ላይ ምሽግ ሠርቶ የተቀመጠው የጣልያን ካፒቴን አማርኛ ጸሐፊ ሲፈልግ እኔ ተጠራሁ፤ እምቢ ማለትም አልተቻለም፤ እውነቱን ለመናገር እምቢ ማለትም አልሞከርኩም። አራት ኪስ ያለው ካኪ ኮት ሰጡኝ፤ ቁልፎቹ ነሐስ ናቸው። በእጀ ጠባቤ ላይ ደርቤው በገበያው መካከል ሳልፍ ሰው መንገድ ሲለቅልኝ በመከበር ይመስለኝ ነበር። ሥራዬ ወሬ መጻፍ ነው። ሰው ከየአቅጣጫው እየመጣ እገሌ መሣሪያ አለው፣ እገሌ ለአርበኛ ስንቅ ሰደደ ይላል፤ ነጋሪው ግን ስሙ እንዲጻፍ አይወድም። እኔ መላ አገኘሁ። «መሣሪያ እንዳለው ተብሏል»፣ «ስንቅ እንደሰደደ ይታመናል» እያልኩ መጻፍ ጀመርኩ። ነጋሪው ይወደኛል፣ ካፒቴኑም ይወደኛል። እኔም ራሴን ወደድኩ፤ ማንም የማይያዝበት ጽሕፈት ፈጠርኩ ብዬ።

ከዚያ የስልኩ ሽቦ ተቆረጠ። ከመንደራችን በላይ ካለው ጫፍ ላይ፣ ከአንድ ምሰሶ እስከሚቀጥለው ድረስ ሽቦው መሬት ላይ ተዘርግቶ ተገኘ። ሳስበው በዚያ ነፋስ ራሱ ተበጥሶ ይሆናል፤ እስከ ዛሬም አላውቅም። ካፒቴኑ ግን ሽማግሌዎቹን ጠርቶ፣ በአስተርጓሚው አፍ፣ እስከ ዓርብ የቆረጠውን ስም ካላመጣችሁ መንደሩ ይቃጠላል አላቸው። ይቃጠላል ሲል ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገውም፤ ከወር በፊት ከገደሉ ማዶ ያለ መንደር ሲጨስ አይተናል፤ ጭሱ ሁለት ቀን ሙሉ ከሸለቆው አልወጣም ነበር። ሰዉ ከብቱን ማሸሽ ጀመረ። አሮጊቶች ከቤታቸው ዕቃ እያወጡ መቃብር ሥፍራ ያስቀምጡ ነበር፤ ቤተ ክርስቲያን አያቃጥሉም ብለው ተስፋ አድርገው።

አጎቴ አንድ ነገር አሰቡ። «አውጫጭኝ እንቀመጥ» አሉ። ለዛሬ ልጆች ላስረዳ፤ አውጫጭኝ ማለት ወንጀለኛው ሲጠፋ አገሩ በሙሉ አንድ ሜዳ ላይ ተሰብስቦ፣ ስም እስኪወጣ ማንም ወደ ቤቱ ሳይሄድ የሚቀመጥበት የድሮ ልማድ ነው። ሽማግሌዎች ይመረጣሉ፤ ሰዉ ተራ በተራ እየሄደ ይምልና የሰማውን በጆሯቸው ይነግራቸዋል። ሲነግር ታዲያ «አየሁ» አይልም፤ «ወፍ እንዲህ አለችኝ» ይላል። ወፏ ማን እንደሆነች አይጠየቅም። ይሄ ፈሪውን ሰው ለመጠበቅ የተበጀ ነው፤ ግን መያዣም አለው፤ ወፍ የነገረችው ስም ፍርድ አይደለም። የተጠራው ሰው ይመጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ይከራከራል፣ ይምላል፤ ነገሩ የሚጀመረው ከዚያ ነው። እኛ ሁላችን እንዲህ ነበር የምናውቀው። ለካፒቴኑ ግን ማንም አልነገረውም። የአገሩ ልማድ ነው ሲባል ደስ ብሎት ፈቀደ፤ አንድ ነገር ብቻ ጨመረ፤ ይጻፍ አለ። ከዚያ በፊት ወፍ ያለችው ነገር ተጽፎ አያውቅም።

ሰዉ ሜዳው ላይ ተቀመጠ፤ ክርስቲያኑም፣ ከአልዩ አምባ በኩል የወጣው እስላሙም። ዳኞቹ አጎቴና ሼህ ኢብራሂም ነበሩ፤ ሼሁ ጨው የሚነግዱ፣ በሁለቱም ወገን ቃላቸው የሚከበር ሽማግሌ ናቸው። እኔ ካኪዬን ለብሼ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ አድርጌ መሐላቸው ተቀመጥኩ። ሰዉ ይመጣል፣ ይምላል፣ «አላየሁም፣ አልሰማሁም፣ ወፍም አልነገረችኝም» ይላል። ሁለት ቀን እንዲህ ሆነ። ዙሪያውን የጣልያን ቅጥር ወታደሮች፣ አስካሪዎቹ፣ ጠመንጃቸውን ይዘው ቆመዋል፤ ሽማግሌ እንኳን ለሽንት ሲነሳ ይከተሉታል። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ካፒቴኑ በበቅሎ መጣና ነዳጅ የያዙ ጣሳዎች ከሜዳው አጠገብ አስደረደረ። አንድም ቃል አልተናገረም፤ ተመልሶ ሄደ። የጣሳዎቹ ሽታ ነፋስ በመጣ ቁጥር ይደርሰን ነበር።

አጎቴና ሼህ ኢብራሂም ተያዩ። «የሞተ ሰው እንስጣቸው» አሉ አጎቴ በሹክሹክታ። «የሞተ ካልን መቃብሩን አሳዩን ይላሉ፤ በሕይወት ያለ፣ ግን እጃቸው የማይደርስበት ቢሆን ይሻላል» አሉ ሼሁ። ይህን ታሪክ በልቤ ስደግመው ሁልጊዜ እዚህ ጋ ስደርስ «ከዚያ የአጥናፉ ስም ተነሳ» እላለሁ። ስሙ ራሱ ብድግ ያለ ይመስል። ያነሳሁት እኔ ነኝ። «አጥናፉ አለ አይደል፤ ከጠፋ ሁለት ወሩ ነው፤ ሰዉ አርበኛ ተከትሎ በረሃ ወርዷል ይለዋል» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም። ብልህ መስሎ መታየት ስለምወድ ነው። ሼህ ኢብራሂም ጢማቸውን ይዘው ቆዩና «እርግጥ ነው ልጄ? እንደማይመለስ ታውቃለህ?» አሉኝ። «እንደሄደ ቀርቷል» አልኳቸው። አጎቴ አማተቡ። «እንግዲህ እሱ በዱር ነው፤ ስሙ ቢነሳ እሱን ምን ይለዋል» አሉና ሦስት ሰዎች ተመርጠው ሦስት ወፎች ሆኑ። እኔም በዚያ በሚያምረው ጽሕፈቴ ጻፍኩ፤ ሽቦውን የቆረጠው አጥናፉ እንደሆነ ተነግሯል፣ ወደ በረሃ እንደወረደም ይታመናል።

ጣሳዎቹ ተነሱ። ሰዉ ወደየቤቱ ተመለሰ፤ ዕቃውን ከመቃብር ሥፍራ እያወጣ፣ እያለቀሰ፣ እየሳቀ። እኔን እጄን የሳሙኝ ሰዎች ነበሩ። የአጥናፉ ሚስት የሺ ብቻ ከቤቷ ደጃፍ ቆማ አየችኝ፤ ሆዷ ገፍቷል፣ የመውለጃዋ ወር ነው። «ባሌ አርበኛ ሆነ አላችሁ አሉ» አለችኝ። «ተባለ» አልኳት። «እሱ እኮ ያለው ሌላ ነበር» አለችና ወደ ውስጥ ገባች። ምን እንዳላት ልጠይቃት ይገባ ነበር። ኮቴን አስተካክዬ ሄድኩ።

አሥራ አንድ ቀን ቆይቶ፣ በገበያ ቀን፣ አጥናፉ በኬላው በኩል ጤፍ ተሸክሞ መጣ። በረሃ የሚባለው ውሸት ነው። ገብሱ ሲቃጠልበት ሚንጃር ወርዶ፣ አረርቲ አካባቢ ለሰው ጤፍ ሲያጭድ ከርሞ፣ ድርሻውን በስልቻ ይዞ፣ ሚስቱ ሳትወልድ ለመድረስ እየሮጠ ነው የመጣው። ከሚስቱ በቀር ለማንም ያልነገረውም ጦም አዳሪ ሆነ እንዳይባል አፍሮ ነው። ኬላው ላይ ስሙን ጠየቁት፤ በኩራት ከነአባቱ ስም ነገራቸው።

ወደ ካፒቴኑ ክፍል ስጠራ አጥናፉ እጁ ወደ ኋላ ታስሮ ቆሟል፤ ስልቻው እግሩ ሥር ነው። ሲያየኝ ፊቱ በራ። «ተመስገን፤ ይኸው ሀብቴ ያውቀኛል፤ እሱን ጠይቁት» አለ። «ሀብቴ፣ ሚንጃር ነበርኩ በላቸው። ጤፉን እይ፤ የዱር ሰው ጤፍ ከየት ያመጣል?» ካፒቴኑ የኔን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶታል። አስተርጓሚው የካፒቴኑን ጥያቄ አማርኛ አደረገልኝ፤ «ይህን ያለው ማን ነው?» «በአገሩ ልማድ ተናጋሪው አይጠየቅም፤ ወፍ ናት የሚባለው» አልኩ። ይህ ሲተረጎምለት ካፒቴኑ ሳቀ። «እንግዲያው ወፏን ማሰር አልችልም» አለ። አስተርጓሚው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ወረቀቱን የሚያስተካክል መስሎ ወደኔ ጠጋ አለና «ስህተት አለ የምትል ከሆነ አሁን በል፤ ከዚህ ክፍል ከወጣህ በኋላ አይሆንም» አለኝ ቀስ ብሎ።

የፈጠርነው ነው ብል አጎቴና ሼህ ኢብራሂም ይገደላሉ፣ መንደሩም ይቃጠላል። ይሄ እውነት ነው። የፈጠርኩት ነው ብል ደግሞ የምሞተው እኔ ነኝ። ይሄም እውነት ነው። በዚያ ቅጽበት ያሰብኩት ለመንደሩ ይሁን ለራሴ፣ ሁለቱን ለይቼ ማወቅ እስከ ዛሬ አልቻልኩም፤ ብዙ ጊዜ ለራሴ ይመስለኛል። አጥናፉ ዓይኔን ዓይኔን ያያል፤ አሁንም ፊቱ ብሩህ ነው፤ እስክናገር ነው የሚጠብቀው። «እንደተባለው ነው የተጻፈው» አልኩ። ያኔ ገባው። አልተሳደበም፣ አልለመነም። «የሺ ወልዳለች?» ብቻ አለኝ። «ገና ናት» አልኩት።

ከገበያው በላይ ካለው ወይራ ላይ ሰቀሉት። ሰዉ እንዲያይ ተገዶ ቆመ፤ እኔም ካኪዬን ለብሼ ቆምኩ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል ሳይገደዱ አንድ ነገር ያደረጉት ሼህ ኢብራሂም ብቻ ናቸው። ወደ ኬላው ሄደው ስልቻውን ለመኑ፣ አስካሪዎቹም ሰጧቸው፤ በራሳቸው በቅሎ ጭነው የሺ ደጃፍ አራገፉላት። ሲመለሱ መንገድ ላይ ተገናኘን። «አላህ ይየው» አሉ፤ ለኔ ይሁን ለራሳቸው አልገባኝም። ከዚያ በኋላ በመንገድ ሲያገኙኝ ሰላምታ ይሰጡኛል፤ ልጄ ብለው ግን ጠርተውኝ አያውቁም። አጎቴም ያን ክረምት ታመው ዓመት ሳይሞላቸው አረፉ። የሺ በሳምንቱ ወንድ ወለደች፤ ስሙን ማስረሻ አለችው።

ጣልያን ሄደ። እኔ ካኪውን አቃጥዬ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣሁ፤ መንደሬ ውስጥ መተኛት አልቻልኩም። በበሬሳ ወንዝ በኩል በሚወርደው መንገድ ዳር፣ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር፣ ማመልከቻ መጻፍ ጀመርኩ። ያ ቦታ ደስ ይል ነበር፤ ከፊቴ ባለሱቁ አቡጀዴውን ይዘረጋል፣ ከጎኔ ጫማ ሰፊው ያፏጫል፣ ሽልንግ የያዘ ባለጉዳይ አይጠፋም። በትርፍ ጊዜዬ ከእንግሊዞቹ ጋር ከመጣ አንድ አስተርጓሚ እንግሊዝኛ እማራለሁ። አንድ ቀን ጠዋት የሺ የአምስት ዓመት ልጇን በእጇ ይዛ ከፊቴ ቆመች።

«ማመልከቻ ጻፍልኝ» አለች ቁጭ ብላ። «ባሌ አርበኛ ነበር ብለህ። የጠላት ሽቦ ቆርጦ ተሰቀለ ብለህ። ለአርበኛ ሚስት መሬት ይሰጣል ተብሏል።»

«የሺ፣ አጥናፉ እኮ ያን ጊዜ...»

«ሚንጃር ነበር። ለኔ ነው የምትነግረኝ? ያመጣውን ጤፍ አራስ ቤት በልቼዋለሁ።»

ብዕሬን አስቀመጥኩ። አምስት ዓመት ሙሉ ጉሮሮዬ ላይ የተቀመጠው ነገር ሊወጣ ነው። «የሺ፣ የዚያን ቀን ስሙን ያነሳው ሰው» ብዬ ስጀምር ሁለቱን እጆቿን ዘርግታ የልጁን ጆሮዎች ደፈነቻቸው። ልጁ ጨዋታ መስሎት ሳቀ።

«ዝም በል» አለችኝ፤ ድምፅዋ አልጨመረም። «እኔ ብሰማ አልቅሼ ይወጣልኛል። ይሄ ግን ወንድ ነው፤ ያድጋል። ስም ከሰማ የአባትህን ደም መልስ ይሉታል፤ ይገድላል፤ እሱንም ይገድሉታል። ስም ሳይሰማ ይደግልኝ። አሁን ጻፍ። አባቱን የገደለው ቃል ልጁን ያብላው።»

ጻፍኩ። አቶ አጥናፉ የጠላትን የስልክ ሽቦ ቆርጠው በጠላት እጅ መሞታቸው የታወቀ ነው ብዬ ጻፍኩ። የመንደሩ ሽማግሌዎች በሙሉ ፈረሙበት፤ እንደዚያ በፍጥነት የተፈረመ ማመልከቻ አጋጥሞኝ አያውቅም። መሬቱ ተሰጣት። ያን ዕለት ጣቷን ቀለም አስነክታ ከፈረመች በኋላ ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች፤ ፊቷን ወደ መንገዱ እንዳዞረች «ልጁን አንተ ፊደል አስቆጥረው» አለችኝ። «አባቱን የጻፈው እጅ ልጁንም ያስጽፈው።» ታውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ታውቅ ነበር።

ማስረሻን እቤቴ አስቀምጬ አስተማርኩት። ሀ ሁን፣ ዳዊቱን፣ ኋላም እንግሊዝኛውን። አስተማሪነት የያዝኩት ለሱ ብዬ ነው፤ ሌሎቹ ሁሉ በሱ ምክንያት የመጡ ናቸው። ዛሬ እሱም ጸጉሩ ሸብቷል፤ ልጆቹን ድሯል። በየበዓሉ እየመጣ ጉልበቴን ይስማል፤ «አባት የሆኑኝ እርስዎ ነዎት» ይለኛል፤ እኔም ራሱን እስማለሁ። መንደሩ ለአባቱ ሐውልት አቁሞለታል፤ ሽቦ ቆራጩ ጀግና ይላል ድንጋዩ፤ ሲመረቅ ንግግር ያደረግሁት እኔ ነኝ። አንዳንድ ጊዜ ዓይኑ እኔ ላይ ረዘም ብሎ ሲቆይ የሚጠይቀኝ ይመስለኛል። አይጠይቅም። የሺ ባለፈው ክረምት አረፈች፤ የዘጋችብኝ አፍ አብሯት ተቀበረ ብዬ ነበር፤ አልተቀበረም። ለማስረሻ በአፌ አልነገርኩትም፤ አልችልምም። ይህን ጽሑፍ ግን ያነበዋል። ማንበብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ።